ከወንድሜ ክፍል ይሰማ የነበረው ውሃ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ግቢያችን ውስጥ ስለ ጥላና ስለ ኮቴ የሚያወሩትን ሴቶች ሥራ ፈቶች እያልኩ ስስቅባቸው ነው የኖርኩት፣ ዛሬ እነሱ በተራቸው ቢስቁብኝ አልቀየምም። የሆነውን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ አንዲት ነገር አልጨምርም።

ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከታናሽ ወንድሜ ከሰለሞን ጋር ነበር የምኖረው። ሰለሞን አስም ነበረበት፣ በዚሁ ምክንያት ሹፍርናውን ትቶ ቤት ከዋለ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ ትልቅ አኳሪየም አስገብቶ ስድስት ወርቃማ ዓሦች ያሳድግ ነበር፣ እመኑኝ፣ ከእኔ ይልቅ ከእነሱ ጋር ነበር የሚያወራው። መብራት ሲጠፋ የውሃው ማጣሪያ ይቆማል፣ ያኔ ወንበር ስቦ አጠገባቸው ይቀመጥና ከዚያው ከገንዳው በጣሳ እየቀዳ፣ ከፍ አድርጎ መልሶ ያፈስበታል፣ አየር እንዲገባላቸው ነው። ሿ ይላል፣ ጸጥ ይላል፣ ደግሞ ሿ ይላል፣ መብራት እስኪመጣ እንዲሁ ነው፣ እኔ ደግሞ ስቀልድበት እውል ነበር።

ጥፋቱ የጀመረው ከእኔ ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ውሃ በአራተኛ ቀኑ መጣ፣ ሳይሄድብኝ ብዬ መጋረጃውንም ምንጣፉንም ሳጥብ፣ ሰለሞን ሐኪም ቤት በሄደበት የዓሦቹንም ቤት ለበዓል ላጽዳላቸው አልኩ። ዓሦቹን ባልዲ ውስጥ አድርጌ ውሃውን በሙሉ ደፋሁ፣ ጠጠሩን በበረኪና ፈተግኩ፣ የማጣሪያውን ስፖንጅ ጥቁር ጭቃው እስኪለቅ ቧንቧ ሥር ጨመቅኩ፣ ከዚያ በአዲስ ውሃ ሞላሁት። እንዴት አማረ መሰላችሁ።

ሰለሞን ሲመለስ አልጮኸብኝም፣ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ። ያ ጥቁር ጭቃ ቆሻሻ አልነበረም አለኝ፣ ከዓሦቹ ኩስና ከተረፋቸው ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል፣ መርዙን የሚበሉት ጥሩ ባክቴሪያዎች ስፖንጁ ላይ ነበር የሚኖሩት፣ አሁን ጨርሰሻቸዋል፣ እስኪተኩ ሳምንታት ይፈጃል፣ ስፖንጁ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ለቅለቅ ነበር መደረግ ያለበት አለኝ። በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ ላይ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ቀድቶ የመመርመሪያ ጠብታ ሲጨምርበት አረንጓዴ ሆነ፣ ደህና ቢሆን ቢጫ ነበር የሚሆነው አለ። ምግባቸውን ቀነሰ፣ በየቀኑ ከውሃው ሩቡን እያወጣ ክሎሪኑ እንዲወጣለት አንድ ቀን ባደረ የጀሪካን ውሃ ይተካ ጀመር፣ ያውም ከባድ ነገር አትሸከም የተባለ ሰው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ጣሳውን አንስቶ ተቀመጠ፣ ደረቱ ሲያፏጭ ሳሎን ድረስ ይሰማኛል፣ ላግዝህ ማለት ሲገባኝ ተናደድኩ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ነበር ያናደደኝ።

«ለዓሣ ብለህ ልትሞት ነው?» አልኩት።

«እትዬ፣ በሩን ዝጊልኝ» አለኝ፣ ሌላ ለመናገር ትንፋሽ አልነበረውም። ወርውሬ ዘጋሁት።

ወጥ ቤት ሆኜ ሽንኩርት እየላጥኩ ድምፁን እሰማለሁ። አምስት ሰዓት ግድም ቆመ፣ ቢላዋውን አስቀምጬ ልነሳ ስል እንደገና ጀመረ። ከቅድሙ ይልቅ እኩል እኩል ሆኗል፣ ሳል የለው፣ ፉጨት የለው፣ እኔ ሞኟ ሻል ብሎታል አልኩ። ሰባት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ቆሜ ምሳ ቀርቧል አልኩት። ድምፁ ጸጥ አለ፣ ሰው ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው፣ እኔም ትንፋሼን ውጬ ጠበቅኩ፣ ከዚያ ሿ አለ። አኩርፏል ማለት ነው፣ ሲርበው ይመጣል ብዬ ተመለስኩ፣ እልኸኛ ነኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራት መጣ፣ ድምፁም አብሮ ቆመ። ምግቡን አሙቄ ገባሁ። ሰለሞን ወንበሩ ላይ ሆኖ ራሱን የገንዳው መስታወት ላይ አስደግፏል፣ ስነካው ቀዝቅዟል፣ ክንዱም ደርቆ አልታጠፍ አለ። ጣሳው ጭኑ ላይ ነበር፣ ጠብታ ውሃ የለበትም፣ እጅጌውም ደረቅ ነው። የገንዳው ውሃ ግን ገና ይወዛወዝ ነበር፣ ስድስቱም ዓሦች ደህና ሆነው ታች ታች ይዋኛሉ።

ክሊኒክ የሚሠራ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን መጥቶ አየውና ከሞተ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ሆኖታል አለ። ተሳስተሃል፣ እስከ አሁን ስሰማው ነው የዋልኩት አልኩት። ግድግዳ የምንጋራቸው እማማ ብርቄ ከኋላው ቆመው ነበር።

«እኔም ስሰማው ነው የዋልኩት ልጄ» አሉና አማተቡ።

ዘመዶቼ ሊያጽናኑኝ ብለው፣ እሱ ራሱ ነው፣ ዓሦቹን ሳያድን መሄድ አቅቶት ነው ይሉኛል። እኔን ግን አያጽናናኝም። አምስት ሰዓት ላይ ያ ድምፅ እንደቆመ ቢቀር ኖሮ እገባ ነበር፣ ምናልባትም እደርስለት ነበር። እሱ ከሆነ እንዳልገባ ፈልጓል ማለት ነው። እሱ ካልሆነ ደግሞ፣ በሩ ላይ ቆሜ ምሳ ስለው ጸጥ ብሎ ያዳመጠኝ ሌላ ነገር ነው፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።