የሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት

ክብሪቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ኤፍራይን ሲጋራውን ለኮሰና የክብሪቱን ቀፎ ከሲኒው አጠገብ ተወው። በጎኑ የተቀመጠው ሰውዬ ጋዜጣውን ሳያጥፍ ቀፎውን አነሣና ኪሱ ከተተ። ቀፎው ውስጥ በእርሳስ የተሣለ ንድፍ አለ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍል፣ አንድ ረጅም ሶፋ፣ አንድ በር።

ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ቦነስ አይረስ። ወታደሮቹ መንግሥቱን ከያዙ ሁለተኛው ክረምት ነው።

ባለ ጋዜጣው አለቃው ነው። በሥራ ስሙ «አጎት» ይባላል፤ የማንም አጎት ግን አይደለም። ኤፍራይንን «ጓንት» እያለ ነው የሚጠራው።

«ድንቢጥ ሐኪሟ ዘንድ መቼ ነው የምትመጣው?»

«ሐሙስ አሥር ሰዓት። ከኔ በፊት ናት። እኔ ስገባ ትራሱ ገና አይቀዘቅዝም።»

«ትራስም መሰለል ጀመርክ?» አጎት ገጽ ገለጠ። «እኛ ዝናብ ላይ፣ አንተ ፍራሽ ላይ። ስድስት ወር ሙሉ ተንጋለህ ደመወዝ በላህ።»

ድንቢጥ የሚሏት የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ወታደሮቹ አፍሰው የሰወሯቸውን ሰዎች ስም ከወንዙ ማዶ ወዳለችው ሞንቴቪዴዮ ታሻግራለች ብለው ይጠረጥሯታል። የአእምሮ ሐኪሟን ዶክተር ኖራ ዚልበርማንን ግን አንነካም ብለውት ነበር። ሥራውን የተቀበለው በዚህ ቃል ነው።

«ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት እንገባለን» አለ አጎት። «አንተ ከውስጥ መቀርቀሪያውን ትከፍትልናለህ።»

«ያኔ እኮ ድንቢጥ ወጥታለች።»

«እሷን መንገድ ላይ እንለቅማታለን። እኔ የምፈልገው ሴትዮዋን ነው። ድንቢጥ የምታውቀው አንድ መንገድ ነው። ሴትዮዋ የአርባ ሰው ጓዳ ታውቃለች።»

«አንነካትም ብለኸኝ ነበር።»

«ብዬህ ነበር። አንተም ኦስቫልዶ ፔሬዳ እባላለሁ ብለሃታል። እንግዲህ እኩል ነን።»

ሒሳቡን ሳይከፍል ወጣ።

የስለላ መሥሪያ ቤቱ ለኤፍራይን የሰጠው ታሪክ አጭር ነበር። ኦስቫልዶ ፔሬዳ፣ የመድን ድርጅት ጸሐፊ፣ ሚስቱ ጥላው የሄደች፣ ሰው መቅረብ የሚከብደው። ይህን በቃሉ ይዞ ማክሰኞና ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሶፋው ላይ ይጋደም ጀመር። ሐኪሟ ከራስጌው፣ እሱ በማያያት በኩል ተቀመጠች። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አለችው። «ይህ ሰዓት የእርስዎ ነው። ቢመጡም ባይመጡም ሃምሳውን ደቂቃ እዚሁ እቀመጣለሁ።»

ውሸትም እንደ ስንቅ ያልቃል። በሦስተኛው ወር የሚያወራው ቢያጣ ስለ ወንድሙ አወራ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ታላቅ ወንድሙ የተደበቀበትን ለአባታቸው ነገረ። አባት ልጁን በቀበቶ ገረፈው፤ ልጁም በዚያው ሄዶ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ የኤፍራይን ሙያ አንድ ብቻ ሆነ፤ ሰው የተደበቀበትን መናገር። ይህን ሲያወራ አለቀሰ። ሪፖርቱ ላይ ግን አልጻፈውም።

በዚያው ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አልተጋደመም። ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ስሜ ኤፍራይን ነው። እርስዎን እንድሰልል የተላክሁ ነኝ።»

ዶክተር ኖራ መነጽሯን አወለቀች። ስድሳን ያለፈች፣ ቀጭን፣ ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻይ አቀዝቅዛ የምትጠጣ ሴት ናት።

«ሕልም እየነገሩኝ ነው?»

«አይደለም። ሐሙስ በዚህ ሰዓት ይመጣሉ። ከኔ በፊት የምትመጣውን ልጅ ያሽሿት። እርስዎም ይሂዱ።»

መነጽሯን መልሳ አጠለቀች።

«እርስዎስ?»

«መጣሁ፣ ማንም የለም እላለሁ።»

«ያምኑዎታል?»

ኤፍራይን ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ።

«ማን እንዳስጠነቀቀኝ ሲፈልጉ ስንት ሰው ይጠረጥራሉ?»

«አንድ።»

ሰዓቷን አየች። «ለዛሬ እዚህ ላይ እናብቃ፣ ኤፍራይን።»

በስሙ የሚጠራው ሰው ካጣ ዓመታት አልፈው ነበር።

ሐሙስ ዘነበ። ሰሌዳ የሌላቸው ሁለት አረንጓዴ መኪኖች ከሕንፃዋ ፊት ካሉት ዛፎች ሥር ቆመዋል። አሥር ሰዓት ሆነ፤ ድንቢጥ አልመጣችም።

«ወፏ የለችም» አለው አጎት የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጎ። «ሴትዮዋም ከሌለች፣ ጓንት፣ እኔና አንተ ረጅም ወሬ አለን።»

ኤፍራይን ደረጃውን ወጣ። ክፍሉን ባዶ እንዲያገኘው ጸለየ። ስለ ራሱም ፈርቶ ነበር፤ ያንን አይክድም።

ደወለ።

በሩ ተከፈተ።

«ሰዓት አክባሪ ነዎት» አለችው።

«ምነው ሳይሄዱ ቀሩ?» ገብቶ በሩን ቀረቀረ።

«ልጅቷ ትናንት በጀልባ ተሻግራለች። ሌሎቹንም እንዳይመጡ ደውዬ ነግሬያለሁ። ማስታወሻዎቼ እዚያ ናቸው።» ምድጃው ውስጥ አመድ ተከምሯል። «የቀረኝ የእርስዎ ሰዓት ነው።»

«የኋላ ደረጃ አለ፣ አሁኑኑ...»

«ከሥሩ ሰው ቆሟል። ከኩሽናው መስኮት አይቼዋለሁ።»

«ትናንት መሄድ ይችሉ ነበር እኮ!»

«እችል ነበር። ክፍሉ ባዶ ቢሆን ግን ሬሳዎ ነገ ወንዝ ዳር ይገኛል። ታካሚ በእጄ ሞቶብኝ አያውቅም። በሉ ይጋደሙ።»

ተጋደመ። ለምን እንደታዘዛት እስከ ዛሬ አልገባውም።

ከራስጌው ወንበሯ ሲጢጥ ሲል ሰማ።

«ወንድሜን ያስገረፍኩት እኔ ነኝ» አለ። ሌላ የሚለው አልነበረውም።

«ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። አባቱን የፈራ ልጅ ተናገረ፤ ያንን ከትከሻዎ ያውርዱት። ዛሬ አርባ አንድ ዓመትዎ ነው። የዛሬውን አላወርድልዎትም።»

ከታች የመኪና ጥሩንባ ሁለት ጊዜ ጮኸ።

ምልክቱ ነው።

ተነሣ። መቀርቀሪያው ይቀዘቅዝ ነበር። ባይከፍተው ይሰብሩታል። ይህን ከዚያ ወዲህ ሺህ ጊዜ ለራሱ ነግሮታል።

የከፈተው ግን እሱ ነው።

አጎት መሳቢያዎቹን ሁሉ ገለበጠ። አንድ ወረቀት አላገኘም። ቢሆንም የኤፍራይንን ትከሻ መታ መታ አደረገው። «አበጀህ፣ ጓንት። ሴትዮዋ ከተገኘች ይበቃል።» ዶክተር ኖራ ካፖርቷን ለበሰች። በፊቱ ስታልፍ አይታው የማታውቅ መሰለች፤ ስሙንም አልጠራችም። ከዚያ ቀን በኋላ ያያት ሰው የለም።

ኤፍራይን አሁን ባሕያ ብላንካ ወደብ አጠገብ መነጽር ይጠግናል። ሱቁ በር ላይ የተጻፈው ስም የሱ አይደለም። መሥሪያ ቤቱም አይፈልገው፣ እሱም አይፈልጋቸው። ሐሙስ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በሩን ከውስጥ ይቀረቅራል።

ጎረቤቱ ዳቦ ሻጯ ታሾፍበታለች። «ዶን ፔድሮ፣ ሐሙስ ሐሙስ የሚቆለፈው ለማን ነው? ሴት አስገብተሃል አይደል?»

«ሴት ናት» ይላታል።

ውስጥ ሁለት ወንበሮች አሉ። በአንዱ ይቀመጣል፤ ሌላው ከጀርባው፣ በማያየው በኩል ነው። ሃምሳ ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ ይነሣና መቀርቀሪያውን ይከፍታል።