በጠባቂው ጀርባ ላይ ያረፈ ብርሃን

አብሳሎም ቦሳ አዲስ በተከራያት ክፍል ውስጥ ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የራስ ቅሉ በአልጋው ብረት ተመትቶ ወለሉ ላይ ተዘርሯል። ኢንስፔክተር ገብረሥላሴ ተንበርክኮ ወለሉን አየ። በረጋው ደም ጠርዝ ላይ አንዲት የቢጫ ቀለም ጠብታ አርፋለች፤ ዙሪያዋ ከደሙ ጋር ተቀላቅሎ ብርቱካናማ ሆኗል። ጠረጴዛው ላይ የቀለም ብልቃጦችና ሳይታጠብ የደረቀ ቀጭን ብሩሽ አለ። የተቀባው ነገር ግን የለም።

«ትናንት አመሻሽ ላይ የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰምቻለሁ፤» አሉ የቤቱ ባለቤት እትዬ ወርቂቱ። «ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ደግሞ የእንግዳ ኮቴ ይሰማኝ ነበር፤ ምን ዶለኝ ብዬ ዝም አልኩ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።»

«እንግዳውን አላዩትም?»

«አላየሁትም ጌታዬ።»

ገብረሥላሴ ቀጥሎ ያነጋገራት ሌንሳ የኮሌጅ ተማሪ ናት። እሑድ እሑድ ከአብሳሎምና ከአስተማሪዋ ከልዑል ጋር ጠረጴዛ ከበው፣ አውራ ጣት በሚያህሉ የፕላስቲክ ሰዎች የጦርነት ጨዋታ ይጫወቱ ነበር።

«ይህን ሁሉ ቁመት ይዛችሁ?» አለ ገብረሥላሴ።

«ኤዬ፣ ይሳቁ፤ ሁሉም ይስቃል። አብሲ ግን ሰዎቹ ላይ ብርሃን ይቀባ ነበር። አምፖል የለውም እኮ፣ ቀለም ብቻ ነው። ፋኖሱን ነጭ፣ አጠገቡን ቢጫ፣ ራቅ ሲል ቀይ ያደርገዋል። የበራ ይመስልዎታል።»

«ብርሃኑ የማይደርስበትስ?»

«ጥቁር ይተወዋል። እዚያ ላይ ቀልድ አያውቅም።»

«መጨረሻ የሠራው ምንድን ነው?»

«ፋኖስ የያዘ የቡና እርሻ ጠባቂ። ትናንት ምሳ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ አሳይቶኛል።» አንገቷን ደፋች። «ኤግዚቢሽን ላይ ግን ሁሌ የልዑል ሥራ ነው የሚባለው። እያወቅኩ አብሬ አጨብጭቤያለሁ። ማርክ የሚሰጠኝ እሱ ነው።»

ጠባቂው ለዕለቱ ኤግዚቢሽን ኮሌጁ አዳራሽ ውስጥ፣ መስታወት ሥር ቆሟል።

«የእርስዎ ሥራ ነው፣ መምህር?»

«የራሴ። ሐሙስ ነው ቤቴ የጨረስኩት፤» አለ ልዑል። «አብሳሎም ብልቃጥ ያቀብለኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።»

ገብረሥላሴ መስታወቱን ዞሮ ከኋላ አየና ሁለቱን ሴቶች አስጠራ።

ሲመጡ ድምፁን ሳያነሳ ጀመረ። «ጠብታዋ ከደሙ በላይ ናት፤ ከደሙም ተቀላቅላለች። አብሳሎም ከወደቀ በኋላ፣ ደሙ ሳይረጋ፣ አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ይቀባ ነበር። ታዲያ ምን ይቀባ ነበር? ከክፍሉ የጠፋው ይህ ጠባቂ ነው። ሐሙስ መምህር ቤት ከነበረ፣ ሌንሳ ዓርብ አብሳሎም ዘንድ እንዴት አየችው?»

«ተሳስታ ይሆናላ፤» አለ ልዑል።

«ይሁን። ሌንሳ፣ ጀርባው ምን ይመስል ነበር?»

«ጥቁር ነበር።»

«አሁን ቢጫ ነው። ፋኖሱ ግን ደረቱ ጋ ነው። ብርሃኑ ሰውየውን በስቶ አለፈ? አብሳሎም ጀርባውን ጥቁር የተወው ሥራው ስላለቀ ነው። ገና የቀረው የሚመስለው ብርሃን ቀብቶ ለማያውቅ ሰው ነው። ይህን ምስል ዛሬ እዚህ ማቆም የነበረበት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ልዑል ሌንሳን አያት። «አልቆ ነበር?»

«አልቆ ነበር፣ ቲቸር።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «የማን ሥራ እንደሆነ ነገ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ አለኝ። በተማሪዎቼ ፊት። ገፋሁት፤ መግፋት ብቻ ነው።»

«ስትቀባ ይተነፍስ ነበር?»

ልዑል መስታወቱ ሥር ያለውን ጠባቂ አየ።

«ይተነፍስ ነበር ወይ?»

«ያንኮራፋ ነበር፤» አለ በመጨረሻ። «ይቺን ልጨርስና ሰው እጠራለሁ አልኩ። ስጨርስ ድምፁ የለም።»

እትዬ ወርቂቱ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

«እጅህን፤» አለ ገብረሥላሴ ካቴናውን አውጥቶ።

ልዑል እጆቹን ዘረጋ፤ ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው አዞረ።