ከጣሪያው ሥር የተመረገው ክፍተት

ሠርካለም የጋጣውን በር ስትከፍት ቀዝቃዛ ጠብታ ማጅራቷ ላይ አረፈ። ቀና አለች። ውጭ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ዝናብ ከጣለ ከወር በላይ ሆኖታል። ውስጥ ግን የጣሪያው ቆርቆሮ ከዳር እስከ ዳር ላብ ያጠመቀው ይመስላል።

ከቡይት ራስ ተራራ በታች ካሉት ጋጣዎች አዲሱ ይህ ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ተተክለው፣ ግድግዳውም ጣሪያውም በቆርቆሮ ተመቷል። በአንዱ ጫፍ በጎቹ ያድራሉ፤ በሌላው ጫፍ ቆጥ ላይ የዘር ገብስ በጆንያ ተቀምጧል። ሠርካለም እጇን ላይኛው ጆንያ ውስጥ ከተተች። ገብሱ ረጥቧል፤ ሻጋታ ሻጋታ ይላል።

አባቷ አቶ ወልደ ሩፋኤል ከኋላዋ መጥተው አሸተቱት።

«አናጢው ሰጠኝ ነው እንዲህ ያደረገኝ። ምስማሩን እንደነገሩ መትቶት ሄደ፤ ውርጩ እየቀለጠ ይገባል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ፊት አቆመዋለሁ። ከእንግዲህ በዚህ አገር ማንም ጋጣ አያሠራውም።»

አባቷ ሲሄዱ መሰላል አቁማ ወጣች። ጣሪያው ቢያፈስ ኖሮ ውሃው የሚታየው በምስማሮቹ ዙሪያ ነበር። ምስማር በሌለበትም ግን ጠብታ አለ፤ ግድግዳው ላይም አለ። ከሁሉ የበዛው ከበጎቹ በላይ ነው።

«አባትሽ አባቴን ሊያቆሙት ነው አሉ።» የሰጠኝ ልጅ ምሥጋናው በሩ ላይ ቆሟል። የክፍሏ ልጅ ነው፤ ዛሬ ሰላም እንኳ አላላትም።

«ና፣ መጀመሪያ ይህን እይ።»

«ምኑን? አባቴ የሠራውን ወንፊት?»

«ሙድ አትያዝ። ወንፊት ከሆነ ብርሃን ያሳልፋል። በሩን ዝጋው።»

ዘጋው። ጋጣው ጨለመ። በምስማሮቹ በኩል አንዲት የብርሃን ነጥብ አልገባችም።

«ቆይ» አለ ምሥጋናው በጨለማው ውስጥ። «አባቴ ከጣሪያው ሥር የሚተወው ክፍተትስ?»

«አባዬ መረጉታ፤ በጭቃና በጭድ። ብርድ ያስገባል ብለው።»

የሣር ቤት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚመረገው። በምርጊት ደግሞ አቶ ወልደ ሩፋኤልን የሚያህል በሰፈሩ የለም።

«ለምንድን ነው የሚተወው?»

«እኔ እንጃ። ሲያሠለጥኑት ተው ብለውታል፣ ይተዋል።»

ሠርካለም በሩን ከፍታ ቆርቆሮው ላይ እፍ አለችበት። ጉም ለበሰ። በጣቷ ስትነካው እርጥብ ነው። ዞራ በጎቹን አየች። ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳሉ፤ ትንፋሻቸው መውጫ የለውም።

«በይ ንገሪያቸዋ» አለ ምሥጋናው።

«አንተ ንገራቸው፤ ከዚያ በሕይወት ከወጣህ እኔ እቀጥላለሁ።»

ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። አባቷ የቤቱ በር ላይ የበግ ፀጉር ማበጠሪያ ሚዶ ይስላሉ። ሄዳ አጠገባቸው ቆመች።

«አባዬ፣ ምርጊቱን ለአንድ ሌሊት ላንሣው?»

ቀና ብለው አዩዋት። «ምርጊቴ ምን አደረገሽ?»

«ምንም አላደረገኝም። ውሃው ግን ከውስጥ የመጣ መሰለኝ፤ ከበጎቹ ትንፋሽ።»

«በጎቹ በብርድ ቢያልቁስ?»

«ግልገሎቹን ቤት አስገባቸዋለሁ።»

ሚዶውን አስቀመጡ። «አንድ ሌሊት። ነገ ጣሪያው ረጥቦ ካገኘሁት ሰጠኝን አቆመዋለሁ፤ ጭቃውንም አንቺ ታቦኪያለሽ።»

ምሥጋናውና እሷ ምርጊቱን ሲፈነቅሉ ዋሉ።

በማግሥቱ ውርጩ ከትናንቱ ብሶ ነበር። አቶ ወልደ ሩፋኤል ለቅዳሴ ጋቢያቸውን ደርበው ጋጣው ውስጥ ገቡ። በጎቹ ተኮልኩለው ያመነዥካሉ። ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩ፤ ከዚያ ቋሚው ላይ ተለጥፋ የቀረችውን የጭቃ ቁራጭ በጥፍራቸው አንሥተው ጣሉ።

«ገብሱን ፀሐይ ላይ አስጪው» አሉ። «ሰጠኝን ለምሳ ይዤው እመጣለሁ።»

ሲወጡ ሠርካለም መሰላሉ ላይ ወጥታ ጣሪያውን በደረቅ ጨርቅ ጠረገች። ከገብሱ በላይ ጨርቁ እንደደረቀ ተመለሰ። ከበጎቹ በላይ አንድ ቦታ ብቻ፣ መዳፍ በማይሞላ ስፋት፣ እርጥብ ነበር።