አልጋውን ከቦታው እንዳታነሳ

ጂን፣ ዛር፣ ቡዳ የሚባሉትን በስም አውቃቸዋለሁ እንጂ ተዋውቀን አናውቅም፣ የእነሱን ወሬ የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ «ማታ ምን በልተህ ነው የተኛኸው?» ብዬ ነው የምመልሰው፣ ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ከእኔ በላይ የሚጠራጠር ሰው የለም፣ ግን ሆኗል፣ ምን ላድርግ።

የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተፋፋመበት ጊዜ ነው፣ ቡራዩ ኦቦ ቶሎሳ ከሚባሉ ሽማግሌ ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ሲያከራዩኝ እንደ ማንኛውም አከራይ የግቢው በር ሦስት ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ፣ እንግዳ ማብዛት እንደማይቻል ነገሩኝ፣ ከዚያ ከማንም አከራይ ሰምቼ የማላውቀውን ጨመሩ፣ «አልጋውን ከቦታው እንዳታነሳ»። ቆይቼ እንደሰማሁት አልጋው የልጃቸው የለሚ ነው፣ ለሚ ተማሪ ነበር፣ የታጠቁ ሰዎች ሌሊት ከዚያው አልጋ ላይ ቀስቅሰው ወስደውታል፣ የት እንዳለ የሚናገር ቢሮ አልተገኘም። የብረት አልጋ ነው፣ ራስጌው የጭቃውን ግድግዳ ይነካል፣ ከግድግዳው ማዶ ኦቦ ቶሎሳ ይተኛሉ።

ታዲያ እኔ በዚያ ሰሞን ማታ ማታ ሰውነቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ከጭኔ ይነሳና ወደ ደረቴ ይወጣል፣ ተሳፋሪ እስኪሞላለት ሞተሩን ሳያጠፋ እንደሚጠብቅ ሚኒባስ እንዘፈዘፋለሁ፣ የአልጋው ብረትም ግድግዳውን ጠ ጠ ጠ ያደርገዋል። ቀደም ሲል ለጭንቀት ክኒን ያዘዘልኝ አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ጋ ተመልሼ ሄድኩ፣ «ወይ መድኃኒቱ ነው፣ ወይ ጭንቀቱ ነው» አለኝ፣ ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ። «የሚያስጨንቅህ ነገር አለ?» ሲለኝ «ከቡራዩ ነው የመጣሁት» አልኩት፣ ሌላ ክኒን ጻፈልኝ።

ያን ቀን መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ታክሲም ኔትወርክም ጠፋ፣ አዲስ አበባ እህቴ ቤት አደርኩ። በማግስቱ ስመለስ ኦቦ ቶሎሳ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«አካም ቡልቴ» አሉኝ፣ እንዴት አደርክ ሲሉ። «መቼም ደህና አላደርክም፣ እስኪነጋ ስትንቀጠቀጥ ሰማሁህ።»

«እኔ እኮ ትናንት እዚህ አላደርኩም፣ ኦቦ ቶሎሳ። ክፍሉም ተቆልፏል፣ ቁልፉ ይኸው።»

ቁልፉን አዩት፣ አልገረማቸውም። «ለሚም ሊወስዱት ሰሞን ሌሊት ሌሊት እንዲሁ ይንቀጠቀጥ ነበር» አሉ። «አልጋው እስከተሰማኝ ልጄ አለ። መርዶ አልመጣልኝም፣ ለቅሶ አልቀመጥም።»

ሽማግሌው አልመው ነው ብዬ ተውኩት፣ አዲሱን ክኒን ጀመርኩ፣ እመኑኝ እንደ ድንጋይ ተኛሁ። በአራተኛው ቀን ምርኩዛቸውን ይዘው ደጄ ላይ ቆሙ።

«አልጋው ሦስት ሌሊት ዝም አለ። መድኃኒት ቀየርክ እንዴ?»

«ቀየርኩ።»

«ተሻለህ?»

«ተሻለኝ።»

«ተመስገን» አሉ፣ ፊታቸው ግን ተመስገን አላለም። «ጎረቤቱ ድንኳን እንትከልልህ፣ እርምህን አውጣ እያለኝ ነው። ምን ልበለው?»

በዚያ ሌሊት እኔ፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩ ሰውዬ፣ ጨለማ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጬ አልጋ መነቅነቅ ጀመርኩ፣ ኦቦ ቶሎሳ ከማዶ ሁለት ጊዜ ግድግዳውን አንኳኩ፣ ሰማሁህ ማለታቸው ነው። ሳምንት ያህል እንዲህ ከረምን፣ ሽማግሌውም አልጋው ዝም ካለ ወዲህ የተዉትን እህል መቅመስ ጀመሩ።

ከዚያ አንድ ሌሊት ክንዴ ዛለና እጄን አነሳሁ፣ አልጋው ግን አልቆመም። ማንም አልተኛበትም፣ እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ፣ ብረቱ ጠ ጠ ጠ ይላል። በሁለት እጄ ጨብጬ ላቆመው ሞከርኩ፣ መንቀጥቀጡ በክርኔ ወጣ። ከማዶ ማንኳኳት አልመጣም፣ ከሁሉም ያስፈራኝ እሱ ነው። ከዚያ አልጋው ቀስ በቀስ ሳይሆን ባንዴ ቀጥ አለ።

ጠዋት ኦቦ ቶሎሳ ግቢው መሃል ቆመው ጠበቁኝ።

«በእጅህ እንደምትነቀንቀው አውቅ ነበር» አሉኝ። «አንተ ትቸኩላለህ፣ እሱ እንደዚያ አይደለም። ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ። የትናንቱ ግን ያንተ አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«ስንት ሰዓት ላይ ነው ያቆመው?»

«አሥር ሰዓት ገደማ።»

«በል፣ ድንኳኑን ያምጡ» ብለው ወደ ጎረቤት ሄዱ።

ለቅሶው ሦስት ቀን ሆነ፣ አስከሬን የለም፣ መርዶ ያመጣ ሰው የለም፣ ያለው የእኔ አሥር ሰዓት ብቻ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ ጨለማ ሰዓቴን አላየሁም ነበር፣ ሰው ሲጠይቀኝ አላውቅም ማለት ስለማልወድ ነው።

አልጋውን ራሳቸው አስወጥተው አጥሩ ጥግ አቆሙት። እኔ ወደ ሱሉልታ ከመልቀቄ በፊት አንድ ሌሊት ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፌ አደርኩ፣ ክኒኔን ውጬ፣ ሰውነቴ ፀጥ ብሎ። ሌሊት ከግቢው ብረት ሲነካካ ሰማሁ፣ ነፋስ ነው አልኩ። ከማዶ ኦቦ ቶሎሳ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ አንኳኩ፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ሁለት ጊዜ።

እኔ መልሼ አላንኳኳሁም።