አምስተኛው አስተያየት

ስልኩ ሲጮህ ኢንስፔክተር ዘውድነሽ ትኩስ ድንች እየላጠች ነበር። ቅዳሜ ነው፣ የዕረፍት ቀኗ ነው። ደዋዩ ኮማንደር ይሄነው መሆኑን ስታይ ድንቹን ጨው ውስጥ እንደ ጠላት ደፈቀችው።

«ነይና ፈርሚ» አላት። ሰላምታ የሚባል ነገር ሰውየው ጋ የለም። «ኮምፒውተር የሚገጣጥሙት አቶ አወቀ ተገድለዋል። ገዳይዋን ይዘናታል። ሬሳውን አይቻለሁ ብለሽ መፈረም ብቻ ነው የሚጠበቅብሽ።»

«ሳላይ?»

«ስትመጪ ታዪው የለ! አሥር ሰዓት ላይ ልጅቷን ወደ ባሕር ዳር የሚወስድ መኪና አለ። እንዳታዘገይኝ።»

ዘውድነሽ ሰዓቷን አየች። ሰባት ተኩል ሆኗል። አንድ ሰው ባሕር ዳር ከተላከ ፋይሉን የሚከፍትለት እስኪገኝ ስንት ወር እንደሚፈጅ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ድንቿን ትታ ባጃጅ ውስጥ ገባች።

«ፈረስ ኮምፒውተር» ቆሰበር ከተማ ዋናው መንገድ ዳር ነው። ታፔላው ላይ የተሳለው ፈረስ ፍየል ይመስላል፤ ሠዓሊው ፈረስ አይቶ አያውቅም እንዳይባል እዚህ አገር ፈረስ ያላየ የለም። በሩ ላይ ሕዝብ ተሰብስቦ ይጮሃል።

«አውጧትና ለእኛ ስጡን!»

«ያስተማራትን ሰው! ምን ዓይነት አውሬ ናት?»

የሚጮኹባት ልጅ ሕይወት ትባላለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የሱቁ ቴክኒሻን ናት። እጇ በካቴና ታስሮ ፊት ለፊት ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ይኼም ለሕዝቡ ሌላ ወንጀል ሆኖበታል።

ዘውድነሽ ወደ ጓዳው ዘለቀች። አቶ አወቀ በደረታቸው ተደፍተዋል። ከጎናቸው ሥጋ ቤት ሚዛን የሚያህል የመብራት ስታብላይዘር ወድቋል፤ ማዕዘኑ ደም ነክቶታል። ተንበርክካ ደሙን በጥፍሯ ጫፍ ነካችው። ተፈረፈረ።

«መቼ ተገደሉ ነው ያሉት?»

«ከስድስት ተኩል በኋላ» አለ ኮማንደሩ ሆዱን እያስቀደመ። «ማስረጃው ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የአስተያየት ሣጥኑን ከፍተው ደንበኞች የጻፉትን አንድ በአንድ ወደ ማሽን ይገለብጣሉ። ማሽኑ ራሱ ቁጥርና ሰዓት ይሰጠዋል። የመጨረሻውን የገለበጡት 12:30 ላይ ነው፤ በእኛ ስድስት ተኩል። ልጅቷ ስድስት ከአሥር ላይ ገብታለች። ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። ሰባት ሰዓት ላይ ‹ሞተው አገኘኋቸው› ብላ ጮኸች። ጠዋትም ተጣልተዋል፣ መንገድ ድረስ ተሰምቷል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«በቆሰበር ብርድ የታጠበ ካልሲ በሦስት ቀን አይደርቅም» አለች ዘውድነሽ። «ደም ግን በአንድ ሰዓት ተኩል ደርቆ ይፈረፈራል?»

«አንቺና ካልሲሽ!»

ጠረጴዛው ላይ ያለው አዲስ ላፕቶፕ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የተጫነበት ነው፤ ክዳኑ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ተጽፏል። የማሽኑ ሰዓት 14:10 ይላል፤ የእጅ ሰዓቷ ደግሞ ስምንት ከአሥር። የተገለበጡትን አስተያየቶች ከፈተች።

ቁጥር 1፣ ሰዓት 3:40። «ኮምፒውተር ስገዛ ሊኑክስ ተጭኖበት ስጡኝ። የማልፈልገውን ዊንዶውስ ለምን በግድ?»

ቁጥር 2፣ ሰዓት 3:55። «መብራት ሲጠፋ ባትሪው አንድ ሰዓት አይሞላም። ቀጭን አታድርጉት፤ ይወፍርና ይቆይ።»

ቁጥር 3፣ ሰዓት 4:10። «ቁልፎቹ ላይ የአማርኛ ፊደል ቅረጹ። ያልጠየቅነውን ፕሮግራምም አታጭቁብን።»

ቁጥር 5፣ ሰዓት 12:30። «ሊኑክስ የሚባለውን አንፈልግም። ሕይወት የምትባለው ሠራተኛ ባለቤቱን ስትዝትባቸው ሰምቻለሁ።»

ከማሽኑ አጠገብ እንጨት ላይ የተመታ ረጅም ሚስማር አለ። አቶ አወቀ የገለበጡትን ወረቀት እዚያ ላይ ይሰኩት ነበር። ዘውድነሽ ወረቀቶቹን ቆጠረች፤ ሦስት ናቸው። ከእነሱ በላይ የተቀደደ የወረቀት ቁራጭ ሚስማሩ ላይ ቀርቷል፤ የጥፍር ያህል ነው።

ወደ ሕይወት ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠችና በአገውኛ አናገረቻት። ኮማንደሩ አገውኛ አይሰማም፤ ሲያናድደው ደስ ይላታል።

«እርስዎም ሊፈርሙ ነው የመጡት?» አለች ልጅቷ።

«እንደ መልስሽ ነው። ጠዋት በምን ተጣላችሁ?»

«በሊኑክስ። እኔ ሁሉም ላይ ሊኑክስ ብቻ ይጫን አልኩ። እሳቸው ‹ሁለቱም ይቅረብ፣ ደንበኛው ይምረጥ› አሉ። ግትር ነበሩ።»

«ለዚህ ነው ያን ያህል የጮኻችሁት?»

«እዚህ የሚጫነው ዊንዶውስ ስርቆት ነው! ወገኔ ከየት እንዳመጣው በማይታወቅ ፍላሽ ነው የሁሉንም ሰው ማሽን የሚሞላው። ውስጡ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ስናገር ‹ተማርኩ ብላ› ይሉኛል።»

ወገኔ የሱቁ ሻጭ ነው፤ የአቶ አወቀ ሚስት ወንድም።

«ከዚያስ እስከ ስድስት ሰዓት የት ነበርሽ?»

«ትምህርት ቤት። አሥራ አንድ ማሽን ላይ ሊኑክስ ስጭን ነበር። ርዕሰ መምህሩና ሁለት አስተማሪዎች ትከሻዬ ላይ ቆመው ሲተነፍሱብኝ ነው የዋሉት። ለኮማንደሩ ነገርኩት፤ ‹ያ ጠዋት ነው፣ አይመለከተንም› አለኝ። ስመለስ ኩርፊያ ይዞኝ ፊት ለፊት ክፍል ቆየሁ፤ ጓዳ የገባሁት ሰባት ሰዓት ላይ ነው።»

ከዚያ ጎረቤቱ ሙነወር ተጠራ። የስልክ ዕቃ ነጋዴ ነው፣ በረንዳ ላይ ወንበሩን ዘርግቶ ሲውል የመንገዱን ሰው ሁሉ ይቆጥራል። ከአቶ አወቀ ጋር በዚያው በረንዳ ሰበብ ሁለት ዓመት ተኳርፈው፣ ገና ትናንት ነው የታረቁት።

«ሬሳ ላይ ውሸት አልጨምርም» አለ። «ሰውየውን አልወደውም ነበር። ግን ትናንት ጠርቶኝ ‹አንተም አስተያየት ስጥ› አለኝ። እኔም ‹ኮምፒውተራችሁ የሚቆጥረው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት የሚል ሥሩልን› አልኩት። ያቺ ልጅ እዚያው ፊቴ ላይ አዲሱን ማሽን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለሰችው። አወቀ በሳቅ ሞተ... አላህ ይማረው።»

ዘውድነሽ ብዕሯን አስቀመጠች። «ማነው የነበረው?»

«ሦስታችን ብቻ። ወገኔ ጫግኒ ሄዶ ነበር።»

«ዛሬስ ማን ገባ? ማን ወጣ?»

«ልጅቷ ሦስት ተኩል ላይ ወጣች። ወገኔ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ላይ ዳንግላ የሚያደርስ ዕቃ ይዞ ወጣ። ከዚያ ልጅቷ ስድስት ከአሥር ላይ እስክትመለስ ዝንብ አልገባም፤ ወንበሬን በሩ አፍ ላይ ነው የማስቀምጠው፣ አወቀን ለማናደድ የለመድኩት ነው።»

ወገኔ ከዳንግላ የተመለሰው ስምንት ተኩል ላይ ነው። ሶፍት ዓይኑ ላይ ለጥፎ ገባ። ሶፍቱ ደረቅ ነው።

«ጋሼን! ጋሼን በላቻቸው!»

«ተቀመጥ። ስንት ሰዓት ወጣህ?»

«ለአምስት ሩብ ጉዳይ። ሙነወር አይቶኛል፣ የሚኒባሱ ረዳትም ያውቀኛል። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ዳንግላ ነበርኩ። ጋሼ ‹በሰላም ግባ› ብለው ሸኝተውኛል።»

«ጓዳ ያለውን ማሽን ነክተኸዋል?»

«እኔ? ሊኑክስ?» ሶፍቱን አወረደው። «የድሃ መጫወቻ! በእግሬም አልነካው። ይልቅ እኔን ከምታደርቂ እሷን ለምን አትወስዷትም?»

«ትቸኩላለህ?»

«ሐዘን ላይ ነኝ!»

ዘጠኝ ተኩል ላይ ሁሉንም ጓዳ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል። ኮማንደሩ በር ላይ ቆሞ የመኪና ቁልፍ ያቅጨለጭላል። ሙነወር ግድግዳ ተደግፏል። ወገኔ የሞቱት ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ማንም «ተቀመጥ» አላለውም። ሕይወት እጇ እንደታሰረ ቆማለች።

«ግማሽ ሰዓት አለሽ» አለ ኮማንደሩ።

«ይበቃኛል። ኮማንደር፣ የመጨረሻውን ሰዓት ብቻ ነው ያነበቡት። ከላይ ያሉትን ያንብቡልኝ።»

«ሦስት ከአርባ፣ ለአራት አምስት ጉዳይ፣ አራት ከአሥር።»

«በፈረንጅ ከሆነ፣ አቶ አወቀ የገለበጡት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። ዶሮ ሳይጮህ ሱቅ ይከፍቱ ነበር?»

ኮማንደሩ ቁልፉን ማቅጨልጨል አቆመ።

«ማሽኑ ከትናንት ጀምሮ በእኛ ሰዓት ነው የሚቆጥረው። ደንበኛ ጠይቆ ነው። በዚህ ማሽን አሥራ ሁለት ተኩል ማለት ገና ያልደረሰ ምሽት ማለት ነው። ታዲያ አምስተኛውን አስተያየት ማን ጻፈው? ወረቀቱ ሚስማር ላይ የለም። ሰውዬው ሳይሰኩ አያልፉም።»

«ማሽኑ ራሱ ተሳስቶ ቢሆንስ?» አለ ወገኔ። «ኢንተርኔት ያስተካክለዋል።»

«የሱቁ ኢንተርኔት ከሐሙስ ጀምሮ ተቋርጧል። ሰው ነው የነካው። ያ ሰው ማሽኑን ሲያይ 4:40 ይላል፤ እሱ ደግሞ የለመደው 10:40 ነው። ‹የአዲስ ማሽን ሰዓት ተዛብቷል› አለ። ወደ 12:30 ወሰደው፣ የሐሰት አስተያየቱን ጻፈ፣ ከዚያ ‹ወደ ትክክለኛው› መለሰው። ወደ ፈረንጁ ማለት ነው። ይኸው አሁንም በፈረንጅ እየቆጠረ ነው። ሟቹ በስድስት ተኩል በሕይወት ነበሩ እንዲባል ፈልጓል። ይኼ የሚጠቅመው ያኔ ሩቅ ለሆነ ሰው ነው።»

«ሙነወርም ሊሆን ይችላል!»

«አቶ ሙነወር ሰዓቱ ሲቀየር ነበሩ፣ አይሳሳቱም። ሰዓት ለመቀየርም የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ የሚያውቁት የሱቁ ሰዎች ብቻ ናቸው። ሕይወት ሰዓቱን ራሷ ናት የቀየረችው። የማያውቅ አንድ ሰው ነው፤ ትናንት ጫግኒ የዋለው።»

«እኔ ያንን ማሽን አልነካሁም አልኩ!»

«ሰማሁህ። ቁጥር አራትስ የት ሄደ?»

ውጭ ያለው ሕዝብ «አውጧት!» ማለቱን አልተወም።

«ሕይወት፣ በዚህ ማሽን የተሰረዘ ነገር የት ይሄዳል?»

«ቅርጫት ውስጥ። እስኪደፉት ይቆያል።»

«ክፈቺው። ኮማንደር፣ ካቴናውን ይፍቱላት።»

«አልፈታም!»

ሕይወት ታስራ ጻፈች። ሰንሰለቱ ቁልፎቹ ላይ ተንሿሿ። አንድ ፋይል ወጣ፤ ቁጥር 4፣ ሰዓት 4:25። ዘውድነሽ ጮክ ብላ አነበበችው።

«‹ከእናንተ የገዛሁት ኮምፒውተር ሌባ አለበት። ፎቶዎቼ ወጥተዋል። አንድ ሰው እየደወለ እንዲህ ካላደረግሽ ለቤተሰብሽ እልካለሁ ይለኛል። የሚደውልበት ቁጥር ይኼ ነው። ለሌላ ሰው እንዲህ ያለ ኮምፒውተር አትሽጡ።›»

ሙነወር «ያ አላህ» አለ።

«አቶ አወቀ አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ይኼን ገለበጡ» አለች ዘውድነሽ። «ማሽኖቹን በፍላሽ የሚሞላውን ሰው ጠርተው ጠየቁት። ነገ ሁሉም ላይ ሊኑክስ ቢጫን የዚያ ሰው ጨዋታ ያበቃል። ሃያ ደቂቃ ውስጥ ማጅራታቸውን መታ፣ ወረቀቱን ከሚስማር ነጠቀ፣ ፋይሉን ሰረዘ። ቅርጫቱ የት እንዳለ ግን አያውቅም። ንቆት ነበራ፤ የድሃ መጫወቻ!»

«ወረቀት ላይ ቁጥር የጻፈ ሁሉ...» ወገኔ ተነሣ። «ስም አለው? ስሜ አለ?»

«የለም» አለችና ስልኳን አውጥታ ቁጥሩን መታች።

መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ከወገኔ ጃኬት ውስጠኛ ኪስ ስልክ ተንቀጠቀጠ። ወገኔ ኪሱን በመዳፉ ተጫነው፤ ስልኩ ግን ከደረቱ ሥር መንዘሩን ቀጠለ። ሙነወር ሄዶ በሩን በጀርባው ዘጋው።

«ስልኩን ዛሬ ዳንግላ ነው የገዛሁት...» አለ ወገኔ፤ አልጨረሰውም። ሶፍቱ ከእጁ ወደቀ። «ሊያዋርዱኝ ነበር! ለእህቴ ሊነግሩ ነበር! የሚስታቸው ወንድም ነኝ እኮ!»

«እነዚያ ሴቶችስ የማን ነበሩ?» አለች ሕይወት። ስታወራ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «እሳቸው እኮ ዛሬ ጠዋት ‹ደንበኛው ይምረጥ› ነው ያሉኝ። ጮህኩባቸው።»

ኮማንደሩ ካቴናውን ከሕይወት እጅ ፈትቶ ወደ ወገኔ እጅ አዛወረው። ይቅርታ የሚባል ቃል አፉ ላይ የለም።

«በቃ ሂጂ» አላት።

ዘውድነሽ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየች። ሕዝቡ በዝቷል፤ አንዳንዱ ድንጋይ ይዟል።

«በጓሮ በኩል ላውጣሽ» አለቻት። «እስኪነገራቸው ድረስ።»

ሕይወት ካቴናው ያሳበጠውን እጇን አሸት አሸት አደረገች። «በጓሮ የሚወጣ ወንጀል የሠራ ሰው ነው።»

የፊት ለፊቱን በር ራሷ ከፈተችው። ጩኸቱ አንድ ጊዜ ጎላ አለ፤ ከኋላዋ ወገኔ በካቴና ሲወጣ ደግሞ እንደ ተቆረጠ ገመድ ቀጥ አለ። ሕዝቡ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተከፈለ። ቅድም «አውሬ» ያለቻት ሴትዮ በአንድ እጇ ድንጋይ እንደያዘች ነጠላዋን አፏ ላይ ጎትታ «ልጄ፣ እኛ ምን እናውቃለን...» ማለት ጀመረች።

ሕይወት ቆመች፣ ሴትዮዋን ከእግር እስከ ራስ አየቻት።

«ድንጋዩን አስቀምጪው» አለቻት። «ከባድ ነው፣ እጅሽን ያምሻል።»

ሴትዮዋ ድንጋዩን መሬት ላይ አኖረች። ሌሎቹም አንድ በአንድ አኖሩ፤ የመንገዱ ዳር ሁሉ ድንጋይ ሆነ፤ ሕይወት በመካከሉ አለፈች።