ናይሮቢ የሚሄደው ዳጣ

«በቃ፣ አንቺ ነሽ የምትሄጂው!» አላት አባቷ ኩማ።

ታቢታ ቃሪያ በነካ እጇ አይኗን አሽታ እያለቀሰች ነበር። የቱ እንባ የቃሪያው፣ የቱ የሷ እንደሆነ ማን ይለያል?

ቤተሰቡ ሐዋሳ አጠገብ ቱላ ውስጥ ዳጣ ፈጭቶ በጠርሙስ ይሸጣል። ማቴዎስ የሚባል የኩማ የቸርች ጓደኛ ደግሞ ናይሮቢ ሱቅ አለው። ሐዋሳ ለጉባኤ መጥቶ ዳጣውን ቢቀምሰው አበደ። «እዛ እናምርተው፣ ገዢውን እኔ አመጣለሁ። የሚቀምም ሰው ብቻ ላኩልኝ» አለ።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ዳጣውን የሚቀምመው የቤቱ ሰው ብቻ ነው፣ ያውም በር ዘግቶ። ድሮ እናቷ ሙሉመቤት ነበረች። አምና ሞተች። አሁን የምትችለው ታቢታ ብቻ ናት።

«አባዬ፣ ዘንድሮ ማትሪክ አለብኝ'ኮ።»

«ማትሪክ የትም አይሄድም። ማቴዎስ ግን ሌላ ሰው ያገኛል።»

«ጽጌሬዳ ትሂዳ!»

ጽጌሬዳ ታቢታን አዝላ ያሳደገች፣ ቃሪያ የምትፈጭ ሠራተኛቸው ናት።

«እሷ ዘመዳችን ናት? ነገ የራሷን ትከፍትብናለች። እናትሽ በር የዘጋችው ለጨዋታ መሰለሽ?»

ታቢታ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። በሶብላውና ነጭ ሽንኩርቱ ሲሸታት እናቷ አጠገቧ ያለች ይመስላታል። ይሄ ነገር የሁለታቸው ብቻ ነበር። ለሌላ ከሰጠችው ምን ይቀራታል?

«ታቢ! እዛው ተኛሽ እንዴ?» አለች ጽጌሬዳ ከበሩ ውጪ።

«ጽጌ፣ ናይሮቢ ብትሄጂ ትከጂናለሽ?»

«መጀመሪያ ሱሪ ገዝቼ ልዘንጥ፣ ክህደቱ ይደርሳል!» ብላ ሳቀች። ታቢታ አልሳቀችም። ጽጌሬዳም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሙሉዬ አልጋ ላይ ስትውል ገላዋን ያጠብኳት እኔ ነኝ» አለች። «ያኔ ማንም በር አልዘጋብኝም።»

ታቢታ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ቆየችና ከፈተችው።

«እጅሽን ታጥበሽ ግቢ።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንቺ። መጀመሪያ በሶብላው ነው፤ ብዙ እንዳታደርጊ፣ እማዬ አትወድም ነበር።»

ኩማ ከግቢ አያቸው። «ታቢታ!» ብሎ ጮኸ።

ሰምታዋለች። እናቷ ትቀመጥበት የነበረውን ዱካ ወደ ጽጌሬዳ ገፋ አደረገችላት።