ፋና ሳትመጣ የተያዘው አድራሻ

«ማነው ይሄን የነካካው?» አሉ መምህር እንየው። በኮምፒውተር ክፍሉ ያሉት የክበቡ ልጆች ቀና አሉ።

ሁሉም ፋናን አየ፤ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው እሷ ናትና። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ተደቅኗል። «ይህ አድራሻ በሌላ ሳብኔት ተይዟል» ይላል።

የክበቡ ሥራ ክላውድ በሚሉት የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ አንድ ኔትወርክ ፈጥሮ አድራሻዎቹን ለሁለት ሳብኔት፣ ማለትም ለሁለት የኔትወርክ ክፍል፣ ማካፈል ነው። አንዱ ማንም ለሚያየው ድረ ገጻቸው፣ ሌላው ከመምህራን በቀር ማንም ለማይገባበት የፈተና ውጤት። ነገ ደሴ ሄዳ ሥራውን የምታቀርበው ደግሞ ፋና ናት።

«እኔ ምንም አላበላሸሁም፣ ቲቸር» አለች ፋና።

«ታዲያ በራሱ ተበላሸ? በቃ፣ ነገ ሀሚዱ ያቅርብ።»

ከኋላ የተቀመጠችው ኑርሀያት ግን የነካካው ማን እንደሆነ ታውቃለች። ቀትር ላይ፣ ፋና ምሳ በሄደችበት፣ የመጀመሪያውን ሳብኔት የሠራችው እሷ ናት። ለሱ ግማሹን አድራሻ ብቻ መስጠት ነበረባት፤ እጇ ግን እምቢ አላት። እነሱ ቤት ባለድርሻው በሌለበት የማሳ መለኪያ ገመድ አይጣልም። አምና የሐይቁ ዳር ማሳ ሲከፈል እንኳ፣ ሹፌሩ አጎቷ ሰዑድ ከሎግያ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ተጠብቋል። ስለዚህ «ፋና ስትመጣ አብረን እንከፍለዋለን» ብላ ሙሉውን ለአንዱ ሰጠችና ለዙህር ሶላት ወጣች። ክላውዱ ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም፤ ለአንዱ የተሰጠውን ለሌላ አይሰጥም፤ ፋና ሁለተኛውን ልትፈጥር ስትል ቀይ ጽሑፍ ያወጣው ለዚህ ነው።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ፋና ዓይኗን እየጠረገች ቦርሳዋን ስታነሳ ግን አላስቻላትም።

«እኔ ነኝ፣ ቲቸር! ሙሉውን ለአንዱ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ወላሂ፣ ፋና ሳትኖር መክፈሉ ከብዶኝ ነው።»

መምህር እንየው መነጽራቸውን አወለቁ። ኑርሀያት ቁጣውን ጠበቀች።

«ሳብኔቱ ውስጥ ያስገባሽው ነገር አለ?»

«የለም፣ ባዶ ነው።»

«ባዶ ከሆነማ ምን ያስለቅሳችኋል? አጥፉትና እንደገና ሥሩት። ፋና፣ ቦርሳሽን አስቀምጪ።»

ኑርሀያት አልሐምዱሊላህ ብላ ተነፈሰች። ከሁሉም በላይ ደስ ያለው ግን ሀሚዱ ነበር። «ተገላገልኩ!» አለ፤ «እኔ ሰው ፊት ስቆም ያጠናሁት ሁሉ ይጠፋኛል።»

«አንቺ ልጅ፣ ልቤን አወለቅሽው እኮ!» አለች ፋና፣ ትከሻዋን መታ አድርጋ። ጎን ለጎን ተቀምጠው አድራሻውን እኩል ከፈሉት። ሁለተኛው ሳብኔት ያለ አንዳች ኩርፊያ ተፈጠረ። ሁለቱም ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ።

ከዚያ ፋና ለነገ ያዘጋጀችውን ጽሑፍ ከፈተች። «የዛሬውን ስህተት እንዝለለው አይደል? ደሴ ማን ያውቃል?» አለች ቀስ ብላ።

ኑርሀያት ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች።

«አትዝለይው» አለች። «ስሜንም ጻፊበት።»